ሦስተኛው ቤት

እኔ ስደርስ ሳጅኑ ምርመራውን ጨርሶት ነበር።

«ራሱን ነው የጣለው» አለኝ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ። «ከአምስተኛው ፎቅ ጣሪያ። ምክንያቱ ጠረጴዛው ላይ አለ። ምሳ ሳይደርስ ፋይሉን እንዘጋለን።»

ሳጅኑ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ምሳ ሳይደርስ ያልዘጋው ፋይል ካለ፣ ያላስዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አልፌው ገባሁ።

ሟቹ የተዘረረው ከሕንፃው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች በተከመሩበት ጠባብ ጓሮ ውስጥ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሶፍትዌር መሐንዲስ። ዘበኛው ድምፁን የሰማው ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ሬዲዮው ገና ዜናውን መጨረሱ ስለነበር በሰዓቱ ይምላል። ጎንበስ ብዬ የሟቹን ግራ እጅ ገለበጥኩት። መዳፉ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ ነገር አለ፦ ዘጠኝ፣ ኤ፣ አራት፣ ኤፍ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሲ።

«የስልክ ቁጥር ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«ኤፍ ያለበት ስልክ ደውለህ ታውቃለህ?»

ሳጅኑ ሰዓቱን አየ። ምሳው እንደቀረበት ገብቶታል።

የሟቹ ጠረጴዛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ፣ ላፕቶፑም እንደተከፈተ ነበር። ድርጅቱ የሚሠራው መድኃኒት በልክ ወደ ደም ሥር የሚያስገቡ የሆስፒታል ፓምፖችን የሚያዝ ሶፍትዌር ነው። ባለፉት አምስት ሳምንታት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ሕሙማን ሞተዋል። ነርስ በስህተት አንድ ዜሮ ስትጨምር «ከዚህ በላይ አይፈቀድም» ብሎ የሚከለክለው የኮድ መስመር ተነስቶ ነበርና፣ ፓምፑ የታዘዘውን አንቆረቆረው። ላፕቶፑ ላይ የተከፈተው ገጽ ያንን መስመር ማን እንዳነሳው ይናገራል። የሟቹ ስም ነው።

«ማን ምን እንደቀየረ፣ መቼ እንደቀየረ ሁሉም ይመዘገባል» አለኝ የቡድን መሪው። «አንዱን ምዝገባ ኮሚት እንለዋለን። ስም አለው፣ ቀን አለው።»

ሠራተኞቹ ሻምበል ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ስሙን ያወጣለት አረማመዱና ሰዓት አክባሪነቱ ነው። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

«ጓደኛዎ ነበር?»

«ወንድሜ ማለት ነው። ልጄ የተወለደች ዕለት ማዋለጃ ክፍሉ ደጅ ላይ አብሮኝ የዋለው እሱ ነው» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «የራሱን ጥፋት ሲያይ መቋቋም አቃተው መሰለኝ።»

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«መሰብሰቢያ ክፍል። ለሠራተኞች መልእክት እየጻፍኩ።»

«ጣሪያው ላይ ማን ይወጣል?»

«የሚያጨስ ሰው። እኔ እንኳ ልጄ ከተወለደች ወዲህ አቁሜያለሁ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ሰውየው አንጀቴን በላው። የደወለልን ራሱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲጯጯህ እሱ ብቻ ነው በሥርዓት ያናገረኝ። ሥራ አስኪያጁ በተቃራኒው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሬሳው ከጓሮው ሳይነሳ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ አገኘሁት። «የአንድ ግለሰብ ስህተት ነው» አለ። ከሰዓት በኋላ የሟቹ ስም በየሬዲዮው ነበር።

ፋይሉን ያልዘጋሁት ለመዳፉ ስል ነው። ሊሞት የተነሳ ሰው እንዳይረሳ ብሎ አይጽፍም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሳጅኑ በሳቅ ፊቱ በርቶ መጣ። ራስን መግደል የማይዋጥልኝ ከሆነ ገዳይ ይዞልኛል።

«ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰው የድርጅቱን በር በእርግጫ ሲመታ ነበር። 'እህቴን የገደላችሁ ውጡ' እያለ። ዘበኛው ያውቀዋል።»

ሰውየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እህቱ መምህርት ነበረች፤ ሦስተኛዋ ሟች። የሞተችው ባለፈው ዓርብ ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጎማ ሲፈታ አገኘነው። ቁመቱ እኔንና ሳጅኑን ያህላል።

«ሰኞ አራት ሰዓት የት ነበርክ?»

ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። የሚዛን ጣቢያ ደረሰኝ ነው፦ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የጭነቱ ክብደት፣ ሰኞ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ቦታው በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሳጅኑ ደወለ፤ ሚዛን ጠባቂው ሹፌሩን አስታወሰው። ሲመዘን አልቅሶ ነበር አለ።

«የወደቀው ሰው ነው አይደል የገደላት?» አለኝ ሹፌሩ።

«እንደዚያ ይላሉ።»

«አባት አለው አሉኝ። የሌሎቹን ሟቾች ቤት ሄዶ ይቅርታ እየለመነ ነው። እኔ ደጅ ከመጣ እግሩን እሰብረዋለሁ በሉልኝ።»

*

የሟቹ አባት ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው። ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና እሳቸው ቆሙ።

«አድራሻ ማግኘት አይቸግረኝም» አሉ። «የመጀመሪያው ቤት ዘጉብኝ። አልፈረድኩባቸውም። ሁለተኛው ቤት እናትየዋ አስገባችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሦስተኛው ቤት ነገ ነው።»

«አባባ፣ ማን ሂድ አለዎት?»

«ማን ይበለኝ? ልጄ አይደል?»

የመዳፉን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ከልጅነቱ ነው። እንዳይረሳ የሚፈልገውን መዳፉ ላይ ይጽፋል። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ መሰለሽ። ወረቀት አጥተን ነው ወይ እያልኩ።» ፎቶውን መለሱልኝ። «እሁድ ከሰዓት እዚህ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሆነ ነገር አየና ፊቱ አመድ መሰለ። 'አባባ፣ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ አንድ ነገር ማየት አለብኝ' አለኝ። ሌላ አልነገረኝም።»

«ሦስተኛውን ቤት እስከ ዓርብ ያቆዩልኝ።»

«እሺ። ግን ዓርብ መጥተሽ አንድ ነገር ትነግሪኛለሽ የኔ ልጅ። ገድሏል ወይስ አልገደለም? ልቀብረው ነው፤ በምን ዓይን እንደማስታውሰው ግን አላውቅም። ከገደለም ንገሪኝ። እችለዋለሁ።»

እንደማይችሉት ያስታውቅ ነበር። ቃል ገባሁላቸው፤ ከወጣሁ በኋላ ግን ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

*

ሆስፒታሉ ሦስቱን ፓምፖች ምድር ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል። የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛው ሟቹን አስታወሰው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና መጥቶ ነበር።

«አንዱን አብራልኝ አለኝ። ሌላ ምንም አልነካም።»

«ለእኔም አብራው።»

ፓምፑ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ትንሿ መስኮቱ ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለው የድርጅቱ ምልክት ነው፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ ዘጠኝ፣ ኤ፣ አራት፣ ኤፍ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሲ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የሶፍትዌሩ መለያ። ውስጡ ያለው ኮድ ከየትኛው ኮሚት እንደተሠራ ነው የሚናገረው። ሲበራ ሁልጊዜ ይወጣል፤ ከእኛ የሚያየው የለም።» ሰውየው ፓምፑን አጠፋው። «ያ ልጅ መዳፉ ላይ ጻፈውና 'ይህኛውን ማንም አይደርስበትም' አለኝ። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።»

ከመሞቱ ሁለት ሰዓት በፊት ነው ይህን ያለው።

*

ሐሙስ ጠዋት ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ፌዘኛው የሚሉትን፣ ወደ ቢሮዬ አስጠራሁት። ሳጅኑ የሟቹን ላፕቶፕ ከኤግዚቢት ክፍል አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ልታስሩኝ ከሆነ ቁርሴን በልቻለሁ» አለ ፌዘኛው።

ሰባቱን ምልክቶች ሰጠሁትና የኮሚቶቹ ታሪክ ውስጥ ፈልግልኝ አልኩት። በራሱ ላፕቶፕ ፈለገ። እንደገና ፈለገ። ከዚያ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«እንዲህ የሚባል የለም።»

«ፓምፑ ላይ አለ።»

«እሱ ነው እኮ! ፓምፑ ላይ ካለ እዚህ መኖር አለበት።» ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «ይስሙኝ። መለያ ማለት የጣት አሻራ በሉት። የሚሠራው ኮሚቱ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ነው፤ ከኮዱ፣ ከጸሐፊው ስም፣ ከቀኑ፣ ከፊቱ ካለው ኮሚት መለያ ጭምር። አንዲት ፊደል ከተነካች አሻራው ሌላ ይሆናል። ከሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ ይቀየራሉ።»

«የጸሐፊው ስም ብቻ ቢቀየርስ?»

ላፕቶፑን ከደነው።

«ከዚያ ጀምሮ ያለው ታሪክ በሙሉ እንደ አዲስ ይጻፋል» አለ ቀስ ብሎ።

«ይህን ማድረግ ይቻላል?»

«ፈቃድ ላለው ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ማንም አይደፍረውም፤ ምክንያቱም የእያንዳንዳችን ላፕቶፕ ላይ የታሪኩ ሙሉ ቅጂ አለ። ዋናውን ማከማቻ ብቻ ቢቀየር የአሥራ አንዳችን ቅጂ ያጋልጣል።»

«ያንተ ቅጂስ?»

ፌዘኛው ክው አለ። «አጠፋሁት። ሁላችንም አጠፋን። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከሻምበል መልእክት መጣ። 'ማከማቻው ተበላሽቶ ነበር፤ ያላችሁን ቅጂ አጥፉና አዲስ አውርዱ።' ሻምበል ካለ አለ ነው።»

ሦስት ሰዓት። ሻምበል ግን አራት ሰዓት ላይ መልእክት ስጽፍ ነበር ብሎኛል። የሟቹን ላፕቶፕ ወደ ፌዘኛው ገፋሁለት። ከፍቶ ጥቂት ነገር ነካካና እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ፣ የፈላ ውሃ የነካው ያህል።

«ይሄም አዲስ ቅጂ ነው። የወረደው ሰኞ... አራት ሰዓት ከሃያ አምስት።»

«ከሞተ በአሥር ደቂቃው እንዴት ያወርዳል?» አለ ሳጅኑ። በዚያ ሳምንት የተናገረው የመጀመሪያው ረብ ያለው ነገር ነው።

«ድምፁን ስትሰሙ ማን ማን ወደ ጓሮ ወረደ?» አልኩ።

«ሁላችንም። ሻምበል ብቻ ነው 'ፖሊስ ልጥራ' ብሎ የቀረው።»

«ቅጂውን ያላጠፋ አንድ ሰው የለም?»

«የለም።» ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። «ቆይ። የሻምበል ሚስት። እሷም ከኛው ጋር ነው የምትሠራው። ወልዳ ቤት ናት፣ አሥር ሳምንት ሆናት። ላፕቶፗን ከዚያ ወዲህ ከፍታው አታውቅም።»

*

ሕፃኗን አቅፋ በሩን ከፈተችልን። ለሟቹ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ላፕቶፑ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሕፃን ብርድ ልብሶች ሥር ነው ያለው።

«ባለቤትሽ ነክቶታል?»

«አይችልም፤ የሚከፈተው በእኔ ጣት ነው። ሰኞ ከሥራ ሲገባ 'ክፈቺልኝ፣ የማጠፋው ነገር አለ' ብሎኝ ነበር። ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር። ለልጄ ስል ተውኩ ብሎ ምሎልኝ! ተጣላንና ሳልከፍትለት ቀረሁ።» ከእኔ ወደ ሳጅኑ አየች። «ምን አድርጎ ነው?»

ሳጅኑ ቅጂው ከሩቅ እንዳይቀየር የቤቱን ኢንተርኔት ነቀለ። ሕፃኗን ተቀብያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ከፈተችው። ታሪኩ ወጣ። ከላይ፣ የመጨረሻው ኮሚት፦ ዘጠኝ፣ ኤ፣ አራት፣ ኤፍ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሲ።

ዓይኔን ወደ ጸሐፊው ስም ስወረውር የሻምበልን ስም ጠብቄ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ይሄ እኮ የኔ ነው» አለች። እንደ ቀላል ነገር ነበር ያለችው። «ያን ዕለት ነው የጻፍኩት። ለሙከራ ብዬ አንድ መስመር አነሳሁ፣ ከሰዓት ልመልሰው ነበር፤ ከዚያ ምጥ...»

መስመሩን አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ዜናውን ሰምታለች፤ የትኛው መስመር እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

«ሦስት ሰው» አለች።

ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች፣ እናትየዋ እጇን አልዘረጋችም። ጎረቤቷን ጠራንላትና እህቷ እስክትመጣ ድረስ ሳጅኑን እዚያው ተውኩት። ሳጅኑ ምሳ አላለኝም።

*

ሻምበልን ከጠረጴዛው ላይ ነው ያነሳነው። የሚስቱ ላፕቶፕ እንደተከፈተ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እሷ አየችው?»

«ራሷ ናት ያነበበችው።»

ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ከዚያ በኋላ ለመናገር መጠየቅም አላስፈለገውም።

«ከሁለተኛው ሞት በኋላ ፓምፖቹን ሊያይ ሄዶ መለያውን አገኘ። ስሟን አየ። ለማንም ሳይነግር መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው፣ ባለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ቤቴ ድረስ። ለመንኩት። ገና አራስ ናት አልኩት። በሚቀጥለው እድሳት መስመሩን በዝምታ እንመልሰዋለን፣ አሥር ቀን ብቻ ስጠኝ አልኩት። እሺ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«በስድስተኛው ቀን መምህሯ ሞተች። ከዚያ ወዲያ አልሰማ አለኝ። ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ አለ። እሁድ ጠዋት የእሷን ስም አውጥቼ የእሱን አስገባሁ። ታሪኩ በስሙ ከሆነ የሚናገረውን ማንም አያምነውም ብዬ ነው፤ ልገድለው አላሰብኩም። ጣሪያው ላይ መዳፉን ገልጦ አሳየኝ። 'ፓምፑን ልትቀይረው አትችልም' አለኝ።»

«ገፋኸው?»

«አንድ ጊዜ።»

ኮዱን አንብቦ ማጽደቅ የነበረበትም እሱ ነበር። ማዋለጃው ደጅ ላይ ቆሞ በስልኩ ሳያነብ አጸደቀው፤ በማግስቱ ለሆስፒታሎች ተላከ። ያን ጊዜ አጠገቡ ቆሞ አይዞህ ሲለው የነበረው ሟቹ ነው።

አንጀቴን የበላው ሰው ይህ ነበር።

«ታሪኩን ከቀየርከው አይቀር» አልኩት «የራስህን ስም ለምን አልጻፍክበትም?»

ቀና ብሎ አየኝ።

*

ዓርብ ጠዋት አባባ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወንበር እስኪስቡልኝም አልጠበቅሁ።

«አልገደለም» አልኳቸው። «መስመሩን ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ስሙን የጻፉበት በኋላ ነው። እሱንም የገደሉት ይህን ሊናገር ሲል ነው።»

የምረቃ ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው በእጅጌያቸው ጠረጉት። እዚያ ላይ ቢያቆሙልኝ ብዬ የማላውቀውን ቅዱስ ሁሉ ለመንኩ። ሰውየው ግን አርባ ዓመት የሰው አድራሻ ሲያነብቡ የኖሩ ናቸው፤ የጎደለ ነገር ያያሉ።

«ማን እንዳነሳው ያወቀው መቼ ነው?»

«ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት።»

«ዘጠኝ ቀን ዝም አለ?»

«ለጓደኛው አዝኖ ነው አባባ። ለአራስ ሴት።»

«መምህሯስ መቼ ሞተች?»

መዋሸት እችል ነበር። አባባ ግን በሦስተኛው ቀን እውነቱን ከሌላ ሰው ይሰሙታል፣ ያኔ ደግሞ እኔም ከዋሹባቸው አንዷ እሆናለሁ።

«ባወቀ በስድስተኛው ቀን።»

ፎቶውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኮፍያቸውን ከሚስማሩ አነሱ።

«ሁለቱን ቤት የሄድኩት በሰው ጥፋት ነው» አሉ። «ሦስተኛው ግን የኛ ነው።»

«ወንድሟ እግርዎን እሰብራለሁ ብሏል።»

«የኔ ልጅ፣ ውሻ አለ ብዬ ያለፍኩት ቤት የለም።»

እኔና ሳጅኑ በመኪና ወሰድናቸው። መንገድ ላይ የመምህሯን ሙሉ ስም ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ።

«እስክርቢቶ አለሽ?»

የሹፌሩ ቤት ጥግ ላይ ስንደርስ አስቆሙን፤ ፖሊስ ይዤ መጣሁ አያሰኝም አሉ። ወርደው ሄዱ። ሲያንኳኩ ሹፌሩ ራሱ ከፈተ፣ በሩን ሞልቶት ቆመ። የሚነጋገሩት አይሰማም። ሳጅኑ ሊወርድ እጁን ወደ መኪናው በር ሰደደ፤ ያዝኩት።

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የመምህሯን ስም አነበቡ።